ጋንን የሚደግፍ ጠጠር፦ የሽብልቅ ታሪክና በቤት ሥራ ያለው ቦታ

«ጋንን ጠጠር ይደግፈዋል» የሚለውን ብሂል የማኅበራችን አባላት ሁሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰሙት ነው። ብሂሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታላቁ በታናሹ እንደሚረዳ፣ ትንሽ የሚመስለውም መናቅ እንደማይገባው ለማስተማር ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌው የተወሰደው በየቤቱ ከሚታይ ሥራ ነው። ታቹ ክብ የሆነ የጠላ ጋን ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ ሲቀመጥ ይንገዳገዳል። የቤቱ እመቤት ለአንድ ጋን ስትል ወለሉን ሁሉ ቆፍራ አታስተካክልም፤ አንዲት ጠጠር አንሥታ ከሥሩ ትሸጉጣለች፤ ጋኑም ይቆማል።

በዚህች አጭር ሥራ ውስጥ የሙያችን አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። እርስ በርሳቸው የማይገጥሙ ሁለት አካላት አሉ፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ፤ ክፍተቱን ሞልቶ ክብደቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ሦስተኛ ነገር አለ። በእንጨት ሥራ ይህ ሦስተኛ ነገር ሽብልቅ ይባላል፤ ውሻል የሚሉትም አሉ። በአንድ ጫፉ ወፍራም፣ በሌላው ጫፉ እንደ ምላጭ የሳሳ ስንጣሪ እንጨት ነው። አናጢው መቃን ሲያቆም ከጀርባው ይመታዋል፤ ቁም ሣጥን ሲያስተካክል ከእግሩ ሥር ያስገባዋል፤ መጥረቢያው ከዛቢያው እንዳይወልቅ በዛቢያው አናት ይሰነቅረዋል።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ቤት አሠራር ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ታላላቅ ሕንፃዎች ለመጻፍ አስቤ ነበር። በኋላ ግን በንድፎቻችን ላይ መስመር፣ በሥራ ዝርዝሮቻችን ላይም ዋጋ ስለሌለው ስለዚህ ስንጣሪ መጻፍን መረጥሁ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እገልጻለሁ።

የሽብልቅ ባሕርይ

የእስክንድርያው ሄሮን በ1ኛው መቶ ዘመን ዓ.ም. ስለ መካኒክ በጻፈው መጽሐፍ በትንሽ ኀይል ከባድ ነገር ለማንቀሳቀስ የሚያስችሉ አምስት ቀላል መሣሪያዎችን ይዘረዝራል። እነርሱም ዘንግ ያለው መዘውር፣ ማንሻ፣ ፑሊ፣ ሽብልቅና ብሎን ናቸው። ይህ መጽሐፍ በተሟላ ሁኔታ ለእኛ ዘመን የደረሰው ቁስጣ ኢብን ሉቃ በ9ኛው መቶ ዘመን ወደ ዐረብኛ በመለሰው ትርጉም አማካይነት ነው። ከአምስቱ መሣሪያዎች አራቱ ሥራቸውን ፈጽመው ከቦታው ይነሣሉ። ሽብልቅ ግን ብዙ ጊዜ በገባበት ይቀራል፤ መሣሪያ የነበረው የሕንፃው አካል ይሆናል።

በገባበት የሚቀረው በሰበቃ ኀይል ነው። የደረቀ እንጨት በእንጨት ላይ መንሸራተት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ14 ዲግሪ በላይ ሲዘነብል ነው። ለቤት ሥራ የሚውል ሽብልቅ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ወፍራም ጫፉ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዝንባሌው ከ1 ዲግሪ ተኩል አይበልጥም። ስለዚህ የቱንም ያህል ቢጫኑት ወደ ኋላ አይንሸራተትም። ከዚህም ሌላ 40 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሲመታ ክፍተቱን የሚሞላው በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዶማ ይዞ ያደገ እጅ እንኳ በመዶሻ ብቻ የሚሊ ሜትር ግማሽ ሊያስተካክል የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ሽብልቅ ብቻውን ሲገባ ግን ፊቱ ያዘነበለ ስለሆነ የሚደግፈውን አካል በአንድ ጠርዙ ብቻ ይነካዋል፤ መቃኑንም ያጣምመዋል። ጥንታዊው መፍትሔ ሁለት ሽብልቆችን በተቃራኒ አቅጣጫ፣ የአንዱን ቀጭን ጫፍ ከሌላው ወፍራም ጫፍ ጋር አገናኝቶ ማስገባት ነው። በዚህ ጊዜ የሁለቱ የውጭ ፊቶች ትይዩ ይሆናሉ፤ ውፍረታቸውም እንደ አስፈላጊነቱ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ከአክሱም እስከ ጭቃ ቤት

ሽብልቅ በአገራችን የተወው ጥንታዊ ምልክት ዛሬም በግልጽ የሚታየው በድንጋይ ላይ ነው። ከአክሱም ከተማ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በጎቦ ድራ ኮረብታ የሐውልቶቹ ድንጋይ የተፈለፈለበት ቦታ አለ። በአለቱ ላይ በመስመር የተደረደሩ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ይታያሉ። ጠራቢዎቹ በእነዚህ ጉድጓዶች ሽብልቅ እያስገቡ ተራ በተራ በመምታት አለቱ በፈለጉት መስመር እንዲሰነጠቅ አድርገዋል። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱም 520 ቶን ገደማ የሚገመተው፣ ዛሬ ወድቆና ተሰባብሮ የሚታየው ታላቁ ሐውልት የዚያ ጥበብ ውጤት ነው። በዚያ ቦታ ሽብልቅ የሚለያይ መሣሪያ ነበር፤ በቤት ሥራ ግን የሚያገናኝ ሆኖ እናገኘዋለን።

የእነዚያው ሐውልቶች ፊት ስለ አክሱማውያን ቤት አሠራር ብዙ ይነግረናል። በድንጋዩ ላይ በር፣ መስኮትና በተለምዶ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የተሻጋሪ እንጨቶች ጫፎች ተቀርጸዋል። በእንጨትና በድንጋይ ይሠራ የነበረው ቤት ምን ይመስል እንደነበር ከደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንና ከ12ኛው መቶ ዘመን ከይምርሐነ ክርስቶስ ማየት ይቻላል። የደብረ ዳሞውን እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ በ1948 እ.ኤ.አ. አድሶታል። በዚህ አሠራር በግድግዳው ርዝመት የተጋደሙ እንጨቶች በተሻጋሪ እንጨቶች ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው ድንጋይና ጭቃ ይሞላል። የበሩና የመስኮቱ መቃን በአራቱ ማዕዘኖች ወደ ውጭ የወጡ ጉጦች ስላሉት ግድግዳው በዙሪያው ሲነሣ ጨብጦ ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በአክሱማዊው ቤት ግድግዳው የሚያድገው በመቃኑ ዙሪያ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚቀር ሰፊ ክፍተት የለም። የላሊበላ ጠራቢዎች ይህንኑ ወደ ፍጻሜው አደረሱት ማለት ይቻላል። በቤተ አማኑኤል የእንጨቱ መቃን፣ ማገሩና ተሻጋሪው ሁሉ ከአለቱ ተፈልፍሎ ስለ ተሠራ መቃንና ግድግዳ አንድ አካል ናቸው፤ በመካከላቸው ሽብልቅ ሊገባ ቀርቶ መርፌም አያልፍም።

የባላገሩ ጭቃ ቤትም በሌላ መንገድ ወደዚሁ ይደርሳል። በዚህ ቤት መቃኑ ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ቋሚዎች አንዱ ነው። ማገሩ በእርሱ ላይ ይታሰራል፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተው ጭቃ እስከ መቃኑ ጠርዝ ድረስ ይመረጋል። እንጨቱ ጠማማ ቢሆን ጭቃው ጠማማውን ተከትሎ ይሞላዋል፤ ሲሰነጠቅም ባለቤቱ በዓመቱ ይለስነዋል። በዚህ ቤት ሽብልቁ ጭቃው ነው። ቤቱን የሚሠሩትም ቋሚውን የተከሉት፣ ማገሩን ያሰሩትና ጭቃውን የመረጉት ያው ጎረቤታሞች ስለሆኑ ክፍተቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ አይነሣም።

ክፍተቱ የተወለደበት ዘመን

ክፍተቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ የሆነው ግድግዳውንና በሩን የሚሠሩት ሰዎች ሲለያዩ ነው። ይህ ለውጥ በሰፊው ከታየባቸው አገሮች አንዷ የተባበሩት የአሜሪካ ግዛቶች ናት። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. በቺካጎና በአካባቢዋ በፋብሪካ በተሰነጠቀ ቀጭን ጠርብና በምስማር ብቻ ቤት ማቆም ተጀመረ። በዚያው መቶ ዘመን በርና መስኮት በመኪና እየተሠሩ በባቡር ወደ ሩቅ ከተማ መላክ ሆነ። በሩ ወደ ቤቱ የሚደርሰው ግድግዳው ከቆመ በኋላ ነበር። የፋብሪካው በር ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው፤ የቤቱ ግድግዳ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። ስለዚህ ለበሩ የሚተወው ቀዳዳ ከበሩ መጠን ሰፋ ተደርጎ እንዲሠራ ሆነ፤ ትርፉንም ቦታ የሚሞላ ነገር አስፈለገ።

አናጢዎቹ መፍትሔውን ከእግራቸው ሥር አገኙት። ለጣሪያና ለግድግዳ ክዳን የሚውለው፣ ሺንግል የሚባለው የእንጨት ሳንቃ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ጫፉ ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን ሆኖ ነው የሚሠራው። ከምዕራብ አሜሪካ ቀይ ሴዳር የሚሰነጠቀው የተለመደው ሺንግል ርዝመቱ 16 ኢንች፣ የወፍራም ጫፉ ውፍረትም 0.4 ኢንች ነው፤ አምስቱ ሲደራረቡ 2 ኢንች ይሆናሉ። ይህም ከላይ የጠቀስነው የ40 ሴንቲ ሜትርና የ10 ሚሊ ሜትር ልክ መሆኑን አንባቢ ያስተውላል። እንጨቱ ቀላል፣ ደረቅና ለመሰንጠቅ የተመቸ ስለሆነ ከጣሪያ የተረፈው ሺንግል እየተሰነጠቀ ከመቃን ጀርባ መግባት ጀመረ። ዛሬ በእንጨት መደብሮች በእስር እየታሰረ «ሺም» በሚል ስም የሚሸጠው ሽብልቅ የዚያ ትርፍራፊ ልጅ ነው።

የሺንግሉ ሥራ ግን ደም ያለበት ታሪክ አለው። በዋሽንግተን ግዛት ያለችውና በ1907 እ.ኤ.አ. ከሲያትል ጋር የተቀላቀለችው የባላርድ ከተማ በሺንግል ፋብሪካዎቿ ብዛት የታወቀች ነበረች። ሠራተኞቹ መከለያ በሌለው ፈጣን መጋዝ ላይ ሳንቃውን በእጃቸው እየያዙ ይሠሩ ስለነበር ጣት የጎደለው እጅ የሙያቸው መታወቂያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በ1916 እ.ኤ.አ. በኤቨሬት ከተማ የሺንግል ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። ኅዳር 5 ቀን (በአውሮፓ አቆጣጠር) አድማውን ለመደገፍ ከሲያትል በመርከብ በመጡ የሠራተኛ ማኅበር አባላትና በወደቡ በቆሙ ታጣቂዎች መካከል ተኩስ ተከፍቶ ቢያንስ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ዛሬ በጥቂት ሳንቲም የሚገዛው ስንጣሪ እንደዚህ ካለ የሥራ ዓለም መውጣቱን ማስታወስ ተገቢ ነው።

በአገራችንም ያው መለያየት ዘግይቶ ደረሰ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶና የግንባታ እንጨት ችግር አቃለለ። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ እንደ ጥድና እንደ ወይራ አይደለም፤ በርጥብነቱ ከተሠራበት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሸበሸባል። በኋላም የብሎኬት ግድግዳ ሲስፋፋ ግንበኛው ቀዳዳውን ትቶ ይሄዳል፤ በሩም ከእንጨት ሥራ ቤት ተሠርቶ ይመጣል። ሁለቱ ሙያተኞች ምናልባት ተያይተው አያውቁም። በመካከላቸው የሚቀረውን ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ንድፉ አይናገርም።

ከራሴ ሥራ የተገኘ ትምህርት

ከብዙ ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ከተማ የአንድ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሥራ እቆጣጠር ነበር። ግድግዳው በብሎኬት፣ በሮቹ በእንጨት የተሠሩ ነበሩ። ሕንፃው በክረምት ማብቂያ ተጠናቆ ተረከብነው። በጋው ሳያልቅ ግን በሮቹ አንድ በአንድ ታች ታች ማለት ጀመሩ፤ የቁልፉ ምላስ ከመያዣው ጋር አልገጥም አለ። ሰዎችም በሩን በትከሻቸው እየገፉ መዝጋት ያዙ። አናጢውን ልወቅስ ተነሥቼ ነበር። እርሱ ዳር ሳንቃውን ነቅሎ ከመቃኑ ጀርባ ያለውን አሳየኝ፤ የታጠፈ የሲሚንቶ ከረጢትና በዚያው ሰሞን የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ቁራጭ ነበር። «ጌታዬ፣ እናንተ በወረቀቱ ላይ ግድግዳና በር ብቻ ነው የሣላችሁት፤ መካከሉን ለእኔ ተዋችሁት። እኔም ያገኘሁትን ከተትሁበት» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ንድፉን የፈረምሁት እኔ ነበርሁና።

ያን ዕለት ማታ ተቀምጬ ያሰላሁትን ላካፍላችሁ። 30 ኪሎ ግራም የሚመዝንና 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መዝጊያ 150 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው በተተከሉ ሁለት ማጠፊያዎች ቢንጠለጠል፣ ክብደቱ የላይኛውን ማጠፊያ በ9 ኪሎ ግራም ኀይል ከግድግዳው ይስበዋል፤ የታችኛውን ማጠፊያ ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ስለዚህ ከታችኛው ማጠፊያ ጀርባ ያለው መሙያ ዘወትር እንደ ተጨመቀ ይኖራል። እንጨት ከርጥብ ወደ ደረቅ ሲለወጥ በርዝመቱ የሚሸበሸበው ከመቶ 0.2 ያህል ሲሆን፣ በስፋቱ ግን ከመቶ 5 እስከ 10 ሊደርስ ይችላል። 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ርጥብ መሙያ 3 ሚሊ ሜትር ቢያጣ መቃኑ ከታች ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ የመዝጊያው ነጻ ጠርዝም ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ለቁልፍ ምላስ ይህ በቂ ጥፋት ነው። የሲሚንቶው ከረጢትማ ገና በመጀመሪያው ቀን ይታመቃል።

ጥገናውን ያደረግነው ከዚያው አናጢ ጋር ነበር፤ ሥርዐቱንም ያስተማረኝ እርሱ ነው። በጥላ ተቀምጦ የከረመ ደረቅ ጥድ ሰነጠቀ። በመጀመሪያ የማጠፊያውን ወገን መቃን በቱንቢ አቆመ፤ ቱንቢውንም በፊት ለፊትና በጎን በሁለቱም በኩል አየ። ከእያንዳንዱ ማጠፊያ ጀርባ ሁለት ሁለት ሽብልቅ በተቃራኒ አቅጣጫ አስገባ፤ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ቀስ ብሎ መታቸው። መቃኑ ወደ ውስጥ መጉበጥ ሲጀምር ወዲያው መለስ አደረገው፤ «ሽብልቅ መቃኑን ይደግፋል እንጂ አይገፋም» ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ምስማሩን በሽብልቆቹ መካከል አሳልፎ ወደ ግድግዳው መታ፤ እንዲህ ካልሆነ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽብልቁ እየላላ ይወድቃል። በቁልፉ ወገንም ከምላሱ መያዣ ጀርባ ሳይቀር እንዲሁ አደረገ። የተረፈውን ጫፍ በቢላዋ ጭሮ በእጁ ሰበረው። በመጨረሻ ላይ ውሃ ልኩን በጉበኑ ላይ አስቀምጦ ፈገግ አለ።

እኔ የጨመርሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው። በጉበኑና ከበላዩ ባለው ድልድይ መካከል ሽብልቅ እንዳይጨናነቅ ከለከልሁ፤ ድልድዩ በጭነት ጥቂት ሲጎብጥ ክብደቱ ወደ መቃኑ መውረድ የለበትምና። ዝናብ በሚያገኛቸው የውጭ ደፎች ሥር ደግሞ እንጨት እንዳይገባ አደረግሁ፤ በዚያ ቦታ ውሃ ይዞ ይበሰብሳልና። ለአሁኑ ዘመን ሥራ የምጨምረውም አለ። በክፍተቱ የሚነፋው ፎም ነፋስንና ድምፅን ቢከለክልም የመዝጊያን ክብደት ለመሸከም በሽብልቅ ምትክ ሊታመን አይገባም። ከምሰሶ ግርጌ ሳሕን ሥር፣ የሕንፃ ጭነት በሚያልፍበት ቦታም የብረት መሙያና ሲሚንቶ እንጂ የእንጨት ሽብልቅ ቦታ የለውም፤ እንጨት በጎኑ ለረጅም ጊዜ ሲጫኑት እየታመቀ ይሄዳልና። የሚንጫጫ የሳንቃ ወለል የሚያክሙትም ሽብልቁን ክፍተቱ እስኪሞላ ድረስ ብቻ ሊያስገቡት ይገባል፤ አልፈው ከመቱት ሳንቃው ይነሣል፣ ጩኸቱም ወደ ጎረቤቱ ሳንቃ ይሸጋገራል።

መደምደሚያ

አክሱማዊው ግንበኛ ግድግዳውን በመቃኑ ዙሪያ ሲያሳድግ፣ ጠራቢው ሁለቱንም ከአንድ አለት ሲያወጣ፣ ባላገሩም በጭቃው ሲያያይዛቸው ክፍተቱ ባለቤት ነበረው። እኛ ሥራውን ለግንበኛ፣ ለእንጨት ሥራ ቤትና ለገጣሚ ስናከፋፍል ክፍተቱን ለማንም ሳንሰጥ ቀረን። ባለቤት ያጣ ክፍተት ደግሞ የሚሞላው በሲሚንቶ ከረጢት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም በሩን በትከሻው የሚገፋው ሰው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በበርና በመስኮት ዝርዝር ንድፎቻችን ላይ የክፍተቱን መጠን በሚሊ ሜትር እንጻፍ፤ የሽብልቁን እንጨት ዓይነት፣ ድርቀቱንና የሚገባበትን ቦታ እናመልክት፤ በሥራ ዝርዝሩም አነስተኛ ቢሆን ዋጋ እንስጠው። ዋጋ የሌለው ሥራ ተቆጣጣሪም የለውምና። ወጣት መሐንዲሶቻችንም ወደ ሥራ ቦታ ሲወጡ አንድ መቃን ከአናጢ ጋር በገዛ እጃቸው ቢያቆሙ ከብዙ ገጽ ንባብ የማይገኝ ትምህርት ያገኛሉ።

ያ አናጢ ዛሬ በሕይወት የለም። ያኔ ያስተካከልናቸውን በሮች ባለፈው ጊዜ በዚያች ከተማ ሳልፍ ጎብኝቻቸው ነበር፤ ቀለማቸው ደብዝዟል፣ እጀታቸው ተለውጧል። አንዱን በጣቴ ገፋ አደረግሁት፤ ያለ ድምፅ ሄዶ ተዘጋ።